ሁለት ሳምንት በላንጋኖ ዳር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ የታጠፈ መንገደኛ ዓለም ጤናን፤ መቂንና ዛሬ ባቱ የምትባለውን ዝዋይን አልፎ አዳሚ ቱሉና ቡልቡላ ይደርሳል። ከቡልቡላ ጥቂት እንደ ሄደ አስፋልቱን ትቶ ወደ ግራ ሲገነጠል በግራር ዛፎች መካከል በኮረኮንች መንገድ ቁልቁል ይወርድና ሰፊ ውሃ በድንገት ከፊቱ ይዘረጋለታል። ይህ የላንጋኖ ሐይቅ ነው። ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ብዙ ሰዎች ላንጋኖን የሚያውቁት ቅዳሜና እሑድ ለመዝናናት ሲሄዱ ነው። እኔ ግን ባለፈው ነሐሴ ወር ወደዚያ የወረድሁት ለሥራ ነበር። የማስተምርበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ባልደረባዬ በየክረምቱ በሐይቁ ዳር በሚቋቋም የክርስቲያን ወጣቶች ካምፕ ያገለግላል። ዘንድሮ የዋና አስተማሪ ጐድሎባቸው ኖሮ፤ በኮሌጅ ሳለሁ መዋኘት መማሬን ስለሚያውቅ እንድረዳቸው ለመነኝ። ካምፑ የወንጌላውያን ነው፤ እኔ ደግሞ በኦርቶዶክስ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። እናቴ ወሬውን ስትሰማ፤

«ልጄ፤ የማንን ሃይማኖት ልታስተምር ነው የምትሄደው?» አለችኝ።

«መዋኘት ላስተምር ነው፤ እማዬ» ብዬ መለስሁላት።

«እንግዲያው ፍልሰታን እንዳትፈታ» አለችና በሶ ቋጥራ ሰጠችኝ።

አርባ ስምንት ልጆች ይዘን በአንድ አውቶቡስ ተጓዝን። ሐይቁ ብቅ ሲል ዘፈኑ ሁሉ ጸጥ አለ። ከኋላ ወንበር አንድ ትንሽ ልጅ ብድግ ብሎ «ጋሼ፤ ውሃው ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል!» ሲል ሁላችንም ሣቅን። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለ ሆንሁ ነገሩን ላስረዳው ሞከርሁ። ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች እጅግ ደቃቅ አፈር ይዘው ይመጣሉ፤ ያም አፈር ቶሎ ሳይዘቅጥ በውሃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ ሐይቁ ቡናማ መልክ ይኖረዋል። ስፋቱ ከ230 ኪሎ ሜትር ካሬ አያንስም፤ ጥልቀቱም ከ45 ሜትር የሚያልፍበት ስፍራ አለ። ቢልሃርዝያ የለበትም ስለሚባል ከብዙዎቹ ሐይቆቻችን ይልቅ ለዋና የሚመረጠው እርሱ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ፤ «ታዲያ የሰመጠ ሰው እንዴት ይታያል?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ አልሰጠሁትም። ከአራት ቀን በኋላ ግን ጥያቄውን ራሴን ጠየቅሁት።

ልጆችን ሰብስቦ ወደ ዱርና ወደ ውሃ እየወሰዱ ከጨዋታ ጋራ ሃይማኖት ማስተማር በፈረንጆች ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው። እንደ እነርሱ አቆጣጠር በ1844 በሎንዶን የተቋቋመው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (ወ.ወ.ክ.ማ.) በአሜሪካም ተስፋፍቶ ነበርና፤ ሰምነር ደድሊ የሚባል የዚህ ማኅበር ሰው በ1885 ሰባት ልጆች ይዞ በኒው ዮርክ ግዛት በአንድ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተከለ። በስሙ የሚጠራው ካምፕ ዛሬም አለ። በ1941 ደግሞ በጦርነቱ መካከል ጀርመን አገር የተወለደው አስተማሪ ከርት ሐን ከመርከብ ባለቤቱ ከሎረንስ ሆልት ጋራ በዌልስ ባሕር ዳር ትምህርት ቤት ከፈተ። መርከብ ሲሰጥም ወጣቶቹ መርከበኞች ከሽማግሌዎቹ ቀድመው ተስፋ እየቈረጡ ይሞታሉ የሚል እምነት ሆልት ስለ ነበረው፤ ወጣቱን በችግር ፊት የሚያጸና ትምህርት እንዲሰጥ ፈለጉ። ዛሬ በየአገሩ የምናየው በገመድ መውጣትና በታንኳ መቅዘፍ ብዙው ከዚህ የተወረሰ ነው።

ይሁን እንጂ ለጸሎትና ለትምህርት ወደ ውሃ ዳር መሸሽን ከፈረንጅ የተማርነው አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። የጣና ደሴቶች በገዳማት የተሞሉ ናቸው። በመንገዳችን ባለፍንበት በዝዋይ ሐይቅም ውስጥ የዛይ ሕዝብ በሚኖርበት በቱሉ ጉዶ ደሴት የደብረ ጽዮን ቤተ ክርስቲያን አለች።

አሁን ወደ ካምፑ እንመለስ። ከጧቱ በ12 ሰዓት ከግራር ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታል፤ ደወላችን እርሱ ነው። ልጆቹ ፊታቸውን ታጥበው ግማሽ ሰዓት በየዛፉ ጥላ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። የጽሞና ሰዓት ይሉታል። የሚያነብ ያነባል፤ የሚጸልይ ይጸልያል፤ እንቅልፍ የሚያንጐላጅጀውም አይጠፋም። ከቁርስ በኋላ ሥራ በተራ ይደለደላል። አንዱ ቡድን ሳሕን ያጥባል፤ አንዱ እንጨት ይለቅማል፤ አንዱ መጸዳጃ ቤት ይጠርጋል። የሀብታም ልጅ የድኻ ልጅ ሳይባል ተራው የደረሰው ሁሉ መጥረጊያ ያነሣል። ከዚያ በገመድ ቋጥኝ መውጣት፤ ቀስት መወርወር፤ ታንኳና ዋና ይቀጥላል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁን ስለሚያናውጠው ታንኳና ዋና ጧት ብቻ ነው። ማታ እሳት ዙሪያ ዝማሬ፤ ስብከትና ጸሎት አለ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሃይማኖቱ ያለው በዚያ በማታው ሰዓት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይህን አሳቤን መጀመሪያ ያናወጡት ወጥ ቤቷ ናቸው። እትዬ እያልን የምንጠራቸው እኒህ ሴት ዕድሜያቸው ስድሳ የሚጠጋ የወንጌላውያን ምእመን ናቸው። በልጆቹ መካከል ፍልሰታን የሚጾሙ አሥራ አንድ እንዳሉ ሲሰሙ፤ ሁለት ድስት ለይተው ጣዱ፤ ሁለት ጭልፋም ለዩ። በጾሙ ጭልፋ እጀታ ላይ ቀይ ክር አሠሩበት። አንድ ቀን ተረኛው ልጅ ጭልፋዎቹን ሲያቀያይር አይተው ጮኹና፤ የሽሮውን ድስት በሙሉ ደፍተው ሌላ ጣዱ።

«እትዬ፤ እርስዎ እኮ አይጾሙም። ማን ያውቅ ነበር?» አልኋቸው።

«ልጄ፤ ጾሙ የእነርሱ ነው፤ ድስቱ ግን የኔ አደራ ነው» አሉኝ፤ ዓይናቸውን ከሽንኩርቱ ሳያነሡ።

ዋና የማስተምርበት ስፍራ በገመድ የታጠረ ነው። በዳርቻው አንድ ሳንቃ ቆሟል፤ በሳንቃው ላይ የእያንዳንዱ ልጅ ስም የተጻፈበት ትንሽ እንጨት በምስማር ተንጠልጥሏል። የእንጨቱ አንዱ ፊት ነጭ፤ ሌላው ቀይ ነው። ልጁ ወደ ውሃ ሲገባ ወደ ቀዩ፤ ሲወጣ ወደ ነጩ ይገለብጠዋል። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆነው ይዋኛሉ። በየአሥር ደቂቃው ፊሽካ ሲነፋ ባልንጀሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ላይ ያነሣሉ፤ አስተማሪውም ይቈጥራል። ቁጥሩ ከሳንቃው ጋራ መግጠም አለበት። ከውሃው በታች አንድ ስንዝር እንኳ ስለማይታይ በላንጋኖ ከዚህ ሌላ መተማመኛ የለም።

በአራተኛው ቀን ከጧቱ በ5 ሰዓት ፊሽካ ነፋሁ። ሳንቃው 24 ይላል፤ የቈጠርሁት ግን 23 ነው። እንደ ገና ቈጠርሁ፤ ያው 23 ነው። አንዲት ልጅ ባልንጀራ አጥታ ብቻዋን ከሦስት ልጆች አጠገብ ቆማለች። የጐደለው ያ በአውቶቡስ ውስጥ የጠየቀኝ ልጅ ነበር።

ውድ አንባቢ፤ በዚያን ጊዜ የተሰማኝን ለመግለጥ ቃል ያጥረኛል። ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ነፋሁ። ልጆቹ ሁሉ ከውሃ ወጡ። ቸርኬው ተደጋግሞ ተመታ። አዋቂዎች ሁሉ ሥራቸውን ጥለው እየሮጡ መጡና እጅ ለእጅ ተያይዘን አንድ ረጅም ሰልፍ ሆነን በውሃው ውስጥ በእግራችን ሥሩን እየዳበስን ወደ ጥልቁ መራመድ ጀመርን። በቀኜ የካምፑ ኃላፊ ነበሩ። በግራዬ የሌሊቱ ዘበኛ፤ የአርሲ ኦሮሞ ሽማግሌ ነበሩ። እኒህ አባት ሙስሊም ናቸው፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እትዬ ሽርጣቸውን እንደ ታጠቁ እስከ ደረታቸው ገብተዋል፤ መዋኘት አያውቁም። እያንዳንዱ ርምጃ ሲወርድ እግሬ የሚነካውን እየፈራሁ፤ እንዲነካም እየፈለግሁ ሄድሁ።

ውሃው አንገታችን ሲደርስ ከዳር ጩኸት ተሰማ። ዘወር ስንል ልጁ ከቁጥቋጦው መካከል መፋቂያ እያኘከ ቆሟል። «ምን ጠፋባችሁ?» ይላል።

ነገሩ ቀላል ነበር። ልጁ ወደ መጸዳጃ እንዲሄድ ለምኖኝ ነበር። እኔም ሌላውን ልጅ በጀርባው ማንሳፈፍ ሳስተምር ዞር ሳልል «ሂድ» አልሁት። የወጣ ልጅ እንጨቱን መገልበጡን ማየት የእኔ ሥራ ነበር፤ አላየሁም። ባልንጀራውንም ከሌላ ጋራ አላጣመርሁም። አርባ ስምንት ልጆች ያለቀሱት፤ አሮጊትና ሽማግሌ ውሃ የገቡት በአንዲት እንጨት ምክንያት ነው።

ማታ የካምፑ ኃላፊ ወደ እኔ መጥተው፤ «የዛሬውን ጸሎት አንተ ምራ» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰበብ እየፈጠርሁ ሳመልጥ ቆይቻለሁ። እነርሱ በራሳቸው ቃል ይጸልያሉ፤ እኔ ያደግሁት ከአባቶች በተወረሰው ጸሎት ነው። በሰው ፊት ከልቤ አመንጭቼ መጸለይ አለመድሁም።

«ለዛሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኋቸው።

«ዛሬማ የሚገባው አንተን ነው» አሉኝና ሄዱ።

ተነሥቼ በእሳቱ ፊት ቆምሁ። በመጀመሪያ «የዛሬው ስሕተት የልጁ አይደለም፤ የእኔ ነው» አልሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣልኝ ነገር አልነበረም። ዝምታው ሲረዝምብኝ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርሁ። ልጆቹ ተቀበሉኝ፤ ከፊሉ በግዕዝ፤ ከፊሉ በአማርኛ። አንድ ላይ ጀምረን አንድ ላይ አልጨረስንም። የእኛዎቹ ልጆች እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ሲቀጥሉ ምን ይባል ይሆን ብዬ ተጨነቅሁ። ቀና ብዬ ባይ፤ ኃላፊው ራሳቸውን እንደ ደፉ ቆመው ይጠብቃሉ። ሌሎቹም እርሳቸውን አይተው ጸጥ አሉ። ስንጨርስ ሁሉም «አሜን» አለ። አንድም ሰው ስለዚህ ነገር በኋላ አላነሣብኝም።

በማግሥቱ ወደ ውሃው ዳር ስወርድ ፊሽካው በሌላ ሰው እጅ ይሆናል ብዬ ነበር። ኃላፊው ግን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝና፤ «ትናንት የደነገጠ ሰው ዛሬ በደንብ ይቈጥራል» አሉኝ። እስከ መጨረሻው ቀን ከሳንቃው አጠገብ አልራቅሁም።

ከዚያ በፊት ሃይማኖትና የዕለት ሥራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉኝ ነበር፤ አንዱ የእሑድ፤ ሌላው የሰኞ። በካምፑ ያየሁት ግን ሌላ ነው። የእትዬ እምነት በጭልፋው ላይ ባሠሩት ቀይ ክር ይታያል። የኃላፊው እምነት የሌላውን ጸሎት ራስ ደፍቶ በመጠበቅ ይታያል። የሽማግሌው ዘበኛ እምነት የሰው ልጅ ለመፈለግ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ውሃ በመግባታቸው ይታያል። የእኔም በዚያን ዕለት የታየው ባልተገለበጠች እንጨት ነበር። ልጆቻቸውን ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ የሚልኩ ወላጆች ስለ ስብከቱ መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ ግን «ልጆቹን የሚቈጥር ማነው? እንዴትስ ይቈጥራል?» ብለው ቢጠይቁ የበለጠ ያውቃሉ።

ጾሙ በተፈታ ማግሥት ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። እናቴ ዶሮ ሠርታ ቆየችኝ። ስለ ጾሙ ጠየቀችኝ፤ ስለ ሁለቱ ጭልፋዎች ነገርኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፤ «እኒያ ሴትዮ ስማቸው ማን ነው? በጸሎቴ አስባቸዋለሁ» አለች።

ትምህርት ቤት ተከፍቶ ክፍል ስገባ እንደ ወትሮው ስም ጠራሁ። ቀድሞ ስም ስጠራ ዓይኔ ከመዝገቡ አይነሣም ነበር። ዘንድሮ ግን «አቤት» የሚለውን ልጅ ፊቱን ሳላይ ምልክት አላደርግም።