በሙሉ ድምፅ

በሀገራችን በወረቀት ላይ አብዝቶ የተጻፈው ዐረፍተ ነገር የትኛው ነው ብትሉኝ፣ “ጉዳዩ በሙሉ ድምፅ ጸድቆ ስብሰባው ተጠናቀቀ” የሚለው ነው እላችኋለሁ። ቆጥሬ እንዳይመስላችሁ። ግን እስቲ በየቀበሌው መደርደሪያ፣ በየእድሩ ሣጥን የተቀመጠውን ቃለ ጉባኤ አስቡት። ቀኑን ሙሉ ሲናደድ፣ ሲጯጯህ፣ ወንበር ሲገፋ የዋለ ሕዝብ ማታ ወረቀቱ ላይ ሲሰፍር አንድ ድምፅ ሆኖ ያድራል። ተአምር ነው መቼም!

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ዓባይን ስትሻገሩ፣ ደጀን ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መንገድ አለ። ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ ሞጣ እያለ ባሕር ዳር ያደርሳል። በዚያ መስመር ካሉት ከተሞች በአንዷ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። የከተማዋን ስም ልተወው፤ እዚያ ያየሁት በየትኛውም ከተማችን ያለ ነገር ነው።

ያኔ የነበረኝ ትልቁ መዝናኛ ስብሰባ ነበር ብላችሁ አትሳቁብኝ። መብራቱ ይሄዳል፤ ጠላ ቤት ቢገቡ ከተማሪ ወላጅ ጋር ያፋጥጣል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት “ነዋሪዎች በሙሉ እንድትገኙ” የሚለው ድምፅ ማጉያ መንደሩን ሲዞር፣ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተሬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ አዳራሹ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ነው። በኋላ ሱስ ሆነብኝ።

ስብሰባ የሚሄድ ሰው የስብሰባን ቋንቋ ይማራል። ለሁለት ሰዓት የተጠራው ሦስት ተኩል ይጀመራል። መክፈቻ ንግግሩ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ “መድረኩ ክፍት ነው” ይባላል። ጥያቄ በዙር ነው የሚሰበሰበው፤ አምስት ሰው ይጠይቅና መድረኩ ለሁለቱ ይመልሳል። የቀሩት ሦስቱስ? “እነሱን በአስተያየት መልክ ወስደናቸዋል።” እኔ ደብተሬ ላይ “በአስተያየት ተወሰደ” የሚል ዓምድ ከፍቼ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ከሁሉም የረዘመው ዓምድ እሱ ሆነ።

አንድ ቀን ሰብሳቢው ዓይኑን ደብተሬ ላይ ተከለ። “መምህር፣ የሚጽፉት ለማን ነው?” አለኝ። “ለራሴ ነው” አልኩ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ለራሱ የሚጽፍ ሰው አይታመንማ! ከጎኔ የተቀመጡት አያ እገሌ ወንበራቸውን አንድ ክንድ ያህል ሳብ አድርገው ራቁኝ። መድረኩ የመሰልኩት የጋዜጣ ሰው ነው፤ ሕዝቡ የጠረጠረኝ ደግሞ ጆሮ ጠቢ አድርጎ ነው።

በዚያ ቀን ተቀይሜ ነበር። ስሰነብት ግን ገባኝ። የዚያ አገር ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ሲያይ ቢሸሽ ምክንያት አለው።

በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255ን አወጣ። ግብሩ የሚሰላው በምርት ግምት ስለነበር፣ ገማቾች በየቀዬው እየወረዱ አዝመራ አይተው ሊመዘግቡ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲነበብ ዘመናዊ አሠራር ነው። የጎጃም ገበሬ የሰማው ግን ሌላ ነበር፤ “ዛሬ አዝመራዬን የጻፈ ነገ መሬቴን ይለካል፣ ከነገ ወዲያ ርስቴን ይወስዳል።” ከጣሊያን መውጣት በኋላ መሬት ለመለካት የተደረጉ ሙከራዎችን ሲቃወም የኖረ ሕዝብ ነው። በቢቸና፣ በሞጣና በዳሞት አውራጃዎች ገማች አላስገባም አለ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ይነሡልን አለ። መንግሥት አግባቢ ላከ፤ አልሆነም። ጦር ላከ፤ የአየር ኃይል አውሮፕላን ሳይቀር ዘመተ። ሰው ሞተ፣ መንደር ተቃጠለ። በመጨረሻ ገዥው ወደ ከፋ ተዛወሩ፣ ውዝፉ ተማረ፣ አዲሱ ግብርም በዚያ ምድር ሳይሰበሰብ ቀረ።

ታሪክ ጸሐፊው ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የገበሬ ዐመፅ ጥናት ይህን ታሪክ በሰፊው ጽፈውታል። እኔን የሚያስቆጨኝ አንድ ነገር ነው። ያ ሁሉ ነገር ከጥይት በፊት ስብሰባ ነበር። ገበሬው ዋርካ ሥር ተቀምጦ መክሯል፣ ተከራክሯል፤ “እንክፈል” ያለ፣ “አንከፍልም” ያለ፣ ዝም ያለም ይኖራል። የሹማምንቱ ሪፖርት ቁጥርና ማኅተም ተመትቶበት ይቀመጣል። ዋርካው ሥር ተነሥቶ የተናገረው ሰው ቃል ግን አብዛኛው ከተናጋሪው ጋር መቃብር ወርዷል። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ሲባል የኖረው ለዚህ ነው።

ይህ የአባቶች ታሪክ ነው እንዳትሉ፣ የልጆቹም ተከተለ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት በአዋጅ እንደገና ሲደለደል፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሥልጣን ላይ የነበሩ ሰዎች “ቢሮክራሲ” እየተባሉ በየስብሰባው ተለዩ። ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር መያዝ ሲችል እነሱ ከአንድ ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዙ ተወሰነ። አንድ ቀን፣ አንድ ስብሰባ፣ አንድ ዝርዝር። ስሙ የሰፈረበት ሰው መሬቱ ተቀነሰ። ቅር ያላቸው ገበሬዎች እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አቤት ብለዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ያየ ሰው፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚሞነጫጭር መምህር ሲያይ ወንበሩን ቢያርቅ ይፈረድበታል?

ሕጉ ግን ከእኔ ጋር ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ሊጠይቅ እንደሚችል ደንግጎ፣ መልሱን በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲያገኝ ያዛል። በ2013 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል በአዲስ አዋጅ ሲተካ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል እንዳለ ቀጥሏል። በአሜሪካ ሃምሳውም ግዛቶች ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የሚያስገድድ ሕግ አላቸው። እኛም ወረቀቱ አለን። የጎደለን “የባለፈውን ቃለ ጉባኤ አሳዩኝ” ብሎ የሚሄድ ሰው ነው፤ ከሄደም “ለምን ፈለግኸው?” የማይለው ሰው።

ይህን ሁሉ እየጠቀስኩ ራሴን ትክክለኛ ሰው አድርጌ ቆየሁ። አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በአንዱ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ስብሰባ ተጠራ። ቦዩ ከገበያው በላይ ተነሥቶ በመንደሩ ጀርባ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ቤት ገንዘብ ያዋጣል። ጠቡ በገንዘቡ ላይ ሆነ። ማን ይያዘው? ደረሰኙስ? ነጋዴው ለምን ከጡረተኛው እኩል ይከፍላል? አዳራሹ ጦፈ። እኔም እጄ እስኪደክም ጻፍኩ።

በመሃል ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እሙሃይ ተነሡ። ከአባታቸው ዘመን ጀመሩ። በየትኛው ክረምት ውኃው በየት በኩል እንደወረደ፣ የማን ግቢ እንደተጠረገ፣ የማን በሬ እንደተወሰደ መቁጠር ያዙ። ሰው መሳቅ ጀመረ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና “እናቴ፣ ወደ ነጥቡ ይምጡልን” አለ። እሳቸው ቀጠሉ። እኔም እስክሪብቶዬን ከድኜ ጣቶቼን ማፍታታት ያዝኩ። በመጨረሻ እጅ ወጣ፤ የቀረው ይታወቃል፦ በሙሉ ድምፅ።

ቦዩ ተቆፈረ። ሐምሌ ላይ ከባድ ዝናብ የጣለ ሌሊት ውኃው ቦዩን ሞልቶ በእሙሃይ ቤት ጀርባ ገባ። ሰው አልሞተም፤ ተመስገን። የጓሮው ግድግዳ ወደቀ፤ ጎታው ውስጥ የነበረው ጤፍ ጭቃ ሆነ። ካሳ ሊጠይቁ ሲሄዱ “በስብሰባው ተስማምተው ነው የተሠራው” ተብለው ቃለ ጉባኤው ተነበበላቸው።

ማታ ቤቴ መጡ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆመው፣ “ልጄ፣ አንተ ስትጽፍ ሁልጊዜ አይሃለሁ። ያን ቀን ያልኩትን አንብብልኝ” አሉኝ።

ደብተሩን አወጣሁ። ስለ ገንዘቡ አራት ገጽ ጽፌያለሁ፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ማንን እንዳቋረጠ፣ ሁሉም አለ። የእሳቸውን ስፈልግ አንድ መስመር አገኘሁ፦ “አንዲት እናት ስለ ውኃ ተናገሩ። ረዘመ።”

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ምን ላድርግ?

ትንሽ ዝም አሉ። “እሱ ብቻ ነው?” አሉኝ።

“አዎ፣ እሙሃይ።”

“እንግዲያ አልተናገርኩም ማለት ነው” አሉና ወጡ።

ከስድብ ይልቅ ይህ ቃል ይከብዳል። በማግሥቱ የማስታውሰውን ሁሉ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ምስክር ነኝ ብዬ ወሰድኩላቸው። “ከቃለ ጉባኤው ውጪ የሆነ አንቀበልም” ተባልን። ግድግዳውን ጎረቤት በደቦ ሠራላቸው። በሁለተኛው ዓመት በጋ ቦዩ ቦታ ተቀየረ፤ የሄደውም እሳቸው ውኃው ድሮ ይወርድበት ነበር ባሉት በኩል ነው። ወረቀቱ ላይ ግን “በባለሙያ ጥናት መሠረት” ይላል። የሳቅነው እኛ ሁሉ፣ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ባለሙያ እሳቸው ብቻ እንደነበሩ አልገባንም።

እንግዲህ ቃለ ጉባኤ ያዡን ስወቅስ የኖርኩ ሰው፣ የራሴም ደብተር ከእሱ እንደማይሻል አየሁ። እሱ የጻፈው መድረኩ የሚወደውን ነበር፤ እኔ ደግሞ ጆሮዬ የሚወደውን። ጠብ፣ ሽሙጥ፣ የነጋዴ ክርክር ደስ ይለኛል፤ የአሮጊት ትዝታ ይረዝምብኛል። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ሰው ሲስቅ እጽፋለሁ። “ወደ ነጥቡ ይምጡ” ሲባል ደግሞ እስክሪብቶዬን አጠብቃለሁ።

ዛሬ ሁሉም ሰው ስልክ ይዞ ስብሰባ ይቀርጻል። መልካም ነው፤ ግን ቀራጩም ስልኩን የሚያወጣው ጩኸት ሲነሣ ነው፤ ረጅሙን ንግግር ማን ይቀርጻል? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰውን ጦርነት ለሚያስብ ሰው ስለ ቦይና ስለ ቃለ ጉባኤ ማውራት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። እኔ ግን በ1960 ከሆነው የተማርኩት፣ አዳራሽ ውስጥ ያልተሰማ ቃል ጠፍቶ እንደማይቀር ነው። ጊዜውን ጠብቆ በሌላ መንገድ ይመጣል።

እሙሃይ ካረፉ ቆይተዋል። ደብተሩ ግን አሁንም አለኝ። “ረዘመ” የምትለዋን ቃል ልሰርዛት ስንት ጊዜ እስክሪብቶ አነሣሁ መሰላችሁ! ተውኳት። እሷም ቃለ ጉባኤ ናት፤ የእኔ።