የመወጣጫው ዋጋ

ስልኩ የጮኸው ቨርጂኒያ ላይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። ፎርማኑ ከወትሮው ረጅም ሰላምታ አንዱንም ሳያነሣ፣ «ኢንጂነር፣ አንድ ልጅ ወድቆብናል» አለ። አማርኛ በዚህች «ብን» በምትል ቅንጣት ብዙ ነገር ይሸከማል፤ የወደቀው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ጉዳቱ የደረሰው በተናጋሪውና በሰሚው ላይ ይመስላል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ገና ሳይጠየቅ መጣ፤ «በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ነው።»

የወደቀው ሰሚት አካባቢ በሚሠራ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ላይ የውጭውን ግድግዳ ሲለስን የነበረ ወጣት ነው። የቆመበት ጣውላ የተዘረጋው በምስማር በተያያዘ የባሕር ዛፍ አጣና ላይ ነበር። አንዱ አግዳሚ ከምስማሩ ተላቀቀ፣ ጣውላው አጋደለ፣ ልጁ ከሦስተኛው ፎቅ ወርዶ የአሸዋ ክምር ጠርዝ ላይ አረፈ። አልሞተም። ወገቡና ዳሌው ተሰበረ።

የቤቱ ባለቤት የሚተዳደረው በግንባታ ሥራ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የሳይት መሐንዲስ ሆኖ ዓመታት ሠርቷል፤ ጠዋት ጠዋት መወጣጫ እየዞረ ይፈትሻል፣ ቀበቶ ያላሰረ ሠራተኛ ካገኘ ከሥራ ያስወርዳል። የአሜሪካው የሥራ ላይ ደህንነትና ጤና አስተዳደር፣ በተለምዶ ኦሻ የሚባለው፣ በግንባታ ሥራ ላይ ከ1.8 ሜትር ጀምሮ፣ በመወጣጫ ላይ ደግሞ ከ3 ሜትር በላይ መከላከያ እንዲኖር ያስገድዳል። እነዚህን ቁጥሮች ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይናገራል፤ በዚያች ሌሊትም የተቀሰቀሰው ለዚሁ ነበር ማለት ይቻላል። እስኪነጋ ሳይተኛ የቴሌግራም መልእክቶቹን ወደ ኋላ እየጎተተ አነበበ። የሚፈልገውን ያገኘው ከስምንት ወር በፊት ተቋራጩ በላከው የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ነው። «የብረት መወጣጫ ኪራይ» የሚል መስመር አለ፤ ገንዘቡ ከጠቅላላው ወጪ ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም። ከሥሩ የራሱ መልስ ተጽፏል፤ «ይህ የግድ ነው? ሰፈሩ ሁሉ በአጣና አይደል የሚሠራው?» ተቋራጩ በአውራ ጣት ምልክት ተስማምቷል።

ከዚያ በኋላ «የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለውን ቃል እንደ ቀድሞው ሊሰማው አልቻለም። ቃሉ ውሸት አይደለም። ልጁ ምናልባት ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር፣ ምናልባትም ቸኩሏል። የቸኮለው ግን የሚከፈለው በካሬ ስለሆነ ነው፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያልተለሰነ ግድግዳ ያልተበላ እንጀራ ነው። ጥንቃቄ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜውን የገዛለት ሰው አልነበረም።

ይህ ቃል ከአዲስ አበባ የግንባታ ሥፍራዎች ይልቅ የቆየ ታሪክ አለው። ኸርበርት ሃይንሪክ የተባለ አሜሪካዊ የመድን ኩባንያ ባለሙያ በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ከመቶ 88ቱ የሥራ ላይ አደጋዎች የሚመነጩት ከሠራተኛው አደገኛ ድርጊት ነው ብሎ ደመደመ፤ ከመቶ 10ሩን ለሥራ ቦታው ሁኔታ፣ 2ቱን ለማይቀር ነገር ተወ። ቁጥሩ በየሥልጠናው አዳራሽ ለአሥርተ ዓመታት ተደገመ። ምንጩ ግን የተዘጉ የመድን ፋይሎችና የፋብሪካ ባለቤቶች መዝገቦች ነበሩ። ሪፖርቱን የሚሞላው አሠሪው ከሆነ የሚሞላው ምክንያት ምን ሊሆን እንደሚችል ለመገመት ብዙ ምርምር አይጠይቅም። ቅጹ ላይ «ባለቤቱ የመወጣጫውን ኪራይ ሰርዟል» የሚል ሳጥን የለም።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ከሰዉ አስተሳሰብ ቀድሞ ሄዷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ሲሆን፣ ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ሲጥስ ወይም ሰክሮ ሥራ ሲገባ፣ ብቻ ነው ኃላፊነቱ የሚቀረው። ተራ መዘናጋት ከእነዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ሕጉ የሕክምና ወጪ፣ በሕክምና ላይ እያሉ የሚከፈል ደመወዝ፣ ዘላቂና ሙሉ የአካል ጉዳት ለደረሰበት ደግሞ የአምስት ዓመት ደመወዝ ያህል ካሣ ይደነግጋል።

ታዲያ አሠሪው ማን ነው? ባለቤቱ ሥራውን ለተቋራጩ ሰጠ፤ ተቋራጩ ልስኑን በጉልበት ዋጋ ብቻ ለሌላ ሰው አሳለፈ፤ ያ ሰው ልጆቹን ያለ ውል ሰበሰበ። በየእርከኑ ዋጋው ትንሽ ትንሽ ተቀነሰ፣ በየእርከኑ ኃላፊነቱም አብሮ ሳሳ። በካሬ ሲከፈለው የኖረ ሰው የዓመት ደመወዙ የሚገኘው በፎርማኑ ደብተር ውስጥ ነው፣ ደብተሩ ካልጠፋ። የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ በግቢው በር ገብቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ያለ የሕግ ባለሙያ ጓደኛው ባለቤቱን ለማጽናናት፣ «አንተ አሠሪ አይደለህም፣ አርፈህ ተቀመጥ» አለው። ምክሩ በሕግ ያስኬድ ይሆናል፤ እንቅልፍ ግን አልሰጠውም።

የዓለም ሥራ ድርጅት በ2023 ይፋ ባደረገው ግምት በየዓመቱ ወደ 2.93 ሚሊዮን ሠራተኞች ከሥራ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞታሉ፤ 330,000 ያህሉ በአደጋ፣ የቀሩት በበሽታ። እንዲህ ያለ ቁጥር ወጪው ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል፣ ማን እንደሚከፍለው ግን አይናገርም። እዚህ ቤት ላይ አከፋፈሉ እንዲህ ነበር። ልጁ ዕቁቡን ቀድሞ በመብላቱ የቀረውን ዙር ዋስ የሆነው አጎቱ ይከፍላል። ሚስቱ ሆስፒታል ለመዋል ሥራዋን ለቀቀች። ዕድሩ ሞት ቢሆን ድንኳኑን ይዞ ይመጣ ነበር፤ ለተሰበረ ወገብ ግን የተጻፈ ደንብ የለውም። የብረት መወጣጫው ወጪ አልጠፋም ማለት ነው፤ ከባለቤቱ የዋጋ ዝርዝር ወጥቶ አጎትየው ኪስ ውስጥ ገባ።

አደጋ የቀነሰባቸው አገሮች ሰው ከሌላው ይልቅ ጠንቃቃ ሆኖ የተፈጠረባቸው አይደሉም። ጀርመን በ1884 ባወጣችው የአደጋ መድን ሕግ አሠሪዎች በየዘርፋቸው ማኅበር ተደራጅተው መዋጮውን ራሳቸው እንዲከፍሉ አደረገች። አደገኛው ዘርፍ የበለጠ ስለሚከፍል ማኅበራቱ የመከላከያ ደንብ ማውጣትና ተቆጣጣሪ መላክ ጀመሩ፤ ከደግነት የመጣ አይደለም፣ ሒሳቡ ወደ እነርሱ ስለተመለሰ እንጂ። የሳን ፍራንሲስኮው የጎልደን ጌት ድልድይ ሲሠራ ደግሞ የዘመኑ ልማድ ለአንድ ሚሊዮን ዶላር ግንባታ አንድ ሬሳ አስቀድሞ ይገምት ነበር፤ ድልድዩ የፈጀው 35 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዋና መሐንዲሱ ጆሴፍ ስትራውስ ከ130,000 ዶላር በላይ አውጥቶ ከሥር መረብ አስዘረጋ። መረቡ 19 ሰው ያዘ። የሞቱት 11 ሲሆኑ አሥሩ ያለቁት በአንድ ቀን፣ በየካቲት 1937፣ መወጣጫው ራሱ ተገንጥሎ መረቡን በጥሶ ሲወርድ ነው። እንደገና መወጣጫው። ስትራውስ ያንን ገንዘብ ከዝርዝሩ ቢሰርዘው ኖሮ ማንም ስሙን በክፉ አያነሣም ነበር፤ ሌላው ሁሉ ያለ መረብ ይሠራ ነበርና።

ባለቤቱ ሕጉ ባያስገድደውም የሕክምናውን ወጪ ከፈለ፤ ካሣውን በተመለከተ ከተቋራጩ ጋር የተጀመረው ክርክር ገና አላለቀም። የብረት መወጣጫም አዘዘ። በሁለተኛው ሳምንት ፎርማኑ ደውሎ የተጎዳው ልጅ ታናሽ ወንድም ሥራውን ለመቀጠል መምጣቱን ነገረው። ያው ግድግዳ፣ ካቆመበት ቦታ።

«ብረቱ ደርሷል?»

«ሐሙስ ይደርሳል ተብሏል። እስከዚያ በአጣናው ይጨርሳት?»

«ማንም እንዳይወጣ።»

«ኢንጂነር፣ ልጁ የዕለት ጉርሱን ከዚሁ ነው የሚያገኘው።»

«እስከ ሐሙስ ያለው ቀን ይከፈለው።»

ፎርማኑ ትንሽ ዝም አለ። «ሳይሠራ?»

«ሳይሠራ።»

ብረቱ ሐሙስ አልመጣም፤ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በባለቤቱ የወጪ መዝገብ ላይ የእነዚያ ቀናት ክፍያ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በታች ለብቻው ሰፍሯል፤ በየትኛው ርዕስ ሥር እንደሚገባ ስላላወቀ የርዕሱን ቦታ ባዶ ትቶታል።