የመመለስ ማስረጃ

ድሮ ይግባኝ ማለት ፊት ለፊት መቆም ነበር። ባላገሩ ከስንት ቀን መንገድ መጥቶ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ ዙፋን ችሎት ይቀርባል፤ በደሉን በገዛ አፉ ይናገራል። ረታም ተረታም፣ የፈረደበትን ሰው ዐይቶ ነው የሚመለሰው። በቪዛ ጊዜ ግን ከልካዩን አታዩትም፤ እሱም አያያችሁም። የሚተያየው ወረቀትና ወረቀት ነው።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው። አውሮፓ ያለች ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል «እማዬ ታርሰኝ» አለች። በሶው ተፈጨ፣ የገንፎው ዱቄት ተሰናዳ፣ ማመልከቻው ገባ። የመጣው መልስ ባለ ሣጥን ቅጽ ነው። ቅጹ ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ የሚለየው ምልክቱ ያረፈበት ሣጥን ብቻ። የእሳቸው ያረፈው፣ ቪዛው ሳያልቅ ተመልሰው ለመውጣታቸው ያጠራጥራል በሚለው ላይ ነበር።

«እኔ እዚያ ቀርቼ ምን ልሠራ ነው፣ መምህር?» አሉኝ። ሴትየዋ የተሰደቡ ያህል ነበር የቀሉት።

ነገሩ እንደየአገሩ ነው። አሜሪካኖች በ1952 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ሕግ ለጉብኝት የሚያመለክተውን ሰው ሊቀር እንደመጣ ቆጥረው ይነሣሉ፤ አለመሆኑን ማስረዳት የእሱ ዕዳ ነው። ካላሳመነ ይግባኝ የለም፤ ከፍሎ እንደ አዲስ ማመልከት ነው። እንግሊዞች ቤተሰብ ሊጠይቅ ለሚሄድ የነበረውን ሙሉ የይግባኝ መብት በሰኔ 2013 (እ.ኤ.አ.) አነሡት። የሸንገን ሕግ ግን ይግባኝ ይፈቅዳል፤ የት እንደሚባልና እስከ መቼ እንደሚባልም ከእምቢታው ጋር አብሮ መነገር አለበት። ታዲያ ብዙ ሰው ምልክቷን ዐይቶ አልቅሶ ወረቀቱን ያጥፈዋል እንጂ እስከ ታች አያነበውም። በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት፣ ኢትዮጵያ የሚባረሩ ዜጎቿን ለመቀበል አልተባበረችም በሚል፣ የኛን ማመልከቻ የማያ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመው። በመንግሥታት ኩርፊያ መካከል አራስ ጠያቂዋ ምን አገባት? አይጠየቅም።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ማመልከቻ ጸሐፊው ያዘጋጀላቸውን ረቂቅ አየሁት። «በታላቅ ትሕትናና በእንባ» ብሎ ይጀምራል፤ እግዚአብሔር ሦስት ቦታ ተጠርቷል፤ ስለ ምልክቷ ግን አንዲት ቃል የለም። ይኼ የኛ የቆየ ስልት ነው፤ ክርክሩን ትተን ልብ እናባባለን። ልቦለድ ሳስተምር፣ ገጸ ባሕርዩ ይህን ለማድረግ ምን ምክንያት አለው እያልኩ ተማሪዎቼን አሰለች ነበር። ቪዛ ሰጪውም የጠየቀው ይኼንኑ ነው፦ ይህች ሴት ለምን ትመለሳለች? መልሱ ከእንባው ውስጥ አይገኝም።

የቤቱ ካርታ ተያያዘ። የጡረታ ደብተሩም፣ እዚሁ ያሉት የሁለቱ ወንዶች ልጆች የሥራ ማስረጃም። ልጅቷ ማመልከቻው ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የላከችው ገንዘብ ባንክ ደብተራቸው ላይ ተገትሮ ስለነበር፣ ከማን፣ ለምን እንደመጣ በአንድ መስመር ተገለጸ። ይኼ ሁሉ ሲሰበሰብ እሳቸው ገቡና የእድር ደብተራቸውን አመጡ።

«የምመለሰውማ ለዚህ ነው» አሉ። «እዚያ ብሞት ማን ድንኳን ይጥልልኛል?»

የእድሩ ጸሐፊ ሠላሳ ምናምን ዓመት አባል መሆናቸውን ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ሰጠን። ተርጓሚው ዘንድ ስንወስደው «የቀብር ኢንሹራንስ» አድርጎት ቁጭ። ተከራከርኩት። ኢንሹራንስ ገንዘብ ይከፍላል እንጂ ሦስት ቀን ሐዘን አይቀመጥም። በመጨረሻ «እድር» የሚለው እንዳለ ቀርቶ በሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲብራራ ተስማማን።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ሕጻኗ ተወለደች። ሴት ስለሆነች ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ «ሰማንያ ቀን ብዙ ነው፣ ይደርሳል» እያሉ ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ይቆጥሩ ነበር። አልደረሰም። ክርስትናውን በስልክ ዐዩት፤ ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ።

የይግባኙ መልስ የመጣው ሕጻኗ አራት ወር ሊሞላት ሲል ነው። ተፈቅዷል፤ ለሠላሳ ቀን። ያን ዕለት ማታ በሬን አንኳኩ። እንኳን ደስ ያለዎት ልል አፌን ስከፍት የእድር ደብተራቸውንና ከመሐሉ የተጣጠፈ ብር አወጡ።

«የዚህን ወር አንተ ክፈልልኝ» አሉኝ። «ደግሞ አደራ፣ ሳያስፈርሙ እንዳትወጣ።»