ወግ አጥባቂው እንደራሴ የት ሄደ?

በሌላው ዓለም ምክር ቤቶች ወግ አጥባቂውን እንደራሴ በንግግሩ ትለዩታላችሁ። ግብር ቀንሱ ይላል፤ መንግሥት እጁን ይሰብስብ ይላል፤ ብሩን ለነጋዴው ተዉለት፣ ሥራ የሚፈጥረው እሱ ነው ይላል። እኛ ጋ ሦስቱንም አንድ ላይ ይዞ የሚከራከር ጎራ ማግኘት ይቸግራል።

ድሮ ግን ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ለመወዳደር ንብረት ማስቆጠር ግድ ስለነበር፣ ወንበሩን የያዘው በአብዛኛው ባለመሬት ነው። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አሥራትን የሚተካ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያመጣ እነዚህ እንደራሴዎች ተሟገቱ፤ አዋጁ የጸደቀውም ጥርሱ ከወላለቀ በኋላ ነው። ጎጃም ደግሞ ከነጭራሹ አልቀበልም አለ። ገበሬው የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም፤ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ይወሰዳል ብሎ ነው። ጦር ዘመተበት፤ በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ማሩ። ያው ምክር ቤት የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት ያስተካክላል የተባለውን ረቂቅ ሕግ እስከ አብዮቱ ድረስ ሳያጸድቅ ቀረ። ግብር ይቀነስ የሚለው ክርክር በአገራችን ስሙ የጠፋው እዚህ ላይ ይመስላል። የተከራከሩለት ሰዎች ኪሳቸውን ነበር የሚጠብቁት፤ እነሱ ሲወድቁ ክርክሩም አብሮ ተቀበረ።

ዛሬ ምኒልክ አደባባይ ቆሞ ዙሪያውን ላየ ግን ክርክሩ ባለቤት ያጣ እንጂ የሞተ አይመስልም። በ1923 ዓ.ም. የቆመው የፈረሰኛው ሐውልት፣ ጊዮርጊስ፣ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ከፍ ብሎ ማዘጋጃ ቤቱ። በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማቱ እነ ዶሮ ማነቂያ ፈረሱ። መንገዱ አምሯል፤ ይህን የሚክድ ሰው ፒያሳን በክረምት በእግሩ አልሄደባትም። ግንባታው ለብዙ የቀን ሠራተኛ እንጀራ ሆኗል። ወግ አጥባቂው ቢኖር የሚጠይቀው ሌላውን ነው፦ ሱቁ ሲነሣ ደንበኛውን ያጣው ነጋዴ ስንት ሠራተኛ አሰናበተ? ያኛው ቆጠራ ሪባን አይቆረጥለትም። የአዲስ አበባ በጀት በ2017 ከነበረበት 230 ቢሊዮን ብር ገደማ በ2018 ከ350 ቢሊዮን በላይ ሲሆን፣ ልዩነቱ ከማን ኪስ እንደሚመጣ አንድ ሙሉ ቀን ሊያከራክር ይገባ ነበር።

የፌዴራሉን ሕግ ደግሞ እንየው። ሐምሌ 10 ቀን 2017 የተወካዮች ምክር ቤት የገቢ ግብር ማሻሻያውን ሲያጸድቅ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። በወረቀት ሲታይ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ነገር ግን 600 ብሩ በ2008 ሲወሰን ወደ 27 ዶላር ያወጣ ነበር። 2,000 ብር በጸደቀበት ሰሞን በባንክ ዋጋ 15 ዶላር እንኳ አይሞላም። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ የሆነውን ሁሉም ሰው ጤፍ ሲገዛ ያውቀዋል።

አንድ አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ በዲግሪ 11,500 ብር ይቀጠራል እንበል። ግብሩ 2,100 ብር፣ ጡረታው 805፤ እጁ ላይ 8,595 ይደርሳል። እውነት ለመናገር በድሮው ስሌት ቢሆን ግብሩ 2,525 ይሆን ነበር፤ ስለዚህ ሕጉ ምንም አላቃለለም ማለት ሐሰት ነው። ይሁንና በዚህ በ8,595 ብር ፒያሳ አካባቢ ቤት ተከራይቶ ምሳ የሚበላ ካለ ሒሳቡን ያስተምረን።

የመንግሥት መልስ የታወቀ ነው፦ የምንሰበስበው ግብር ከጠቅላላው የሀገር ምርት አሥር በመቶ አይሞላም፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል በምን ይሠራ? ልክ ነው። ደመወዝተኛው ግን ግብሩ ብሩ እጁ ሳይገባ የሚቆረጥበት ሰው ነው፤ መሸሻ የለውም። የተሻሻለው ሕግ ለንግዱም ከዓመት ሽያጭ ላይ የሚሰላ ዝቅተኛ ግብር አምጥቷል። ሳያተርፍ የሸጠ ሱቅ ሳያተርፍ ይከፍላል ማለት ነው፤ ያን ዓመት አዲስ ሰው አይቀጥርም።

እዚህ ጋ ነው የሚያስፈልገው እንደራሴ የጠፋው። ባለመሬት መሆን የለበትም፤ አቡጀዲም ሆነ ቡና የሚሸጥ ሰው የመረጠው ይበቃል። ነፃው መጠን ከዋጋ ንረቱ ጋር በየዓመቱ አብሮ ይነሣ ብሎ አንድ አንቀጽ ቢያስገባ፣ 600 ብር ላይ ዘጠኝ ዓመት ቆመን ባልጠበቅን።