የእኅቴ ልጅ ጠጉርና የቅቤው ነገር

ስለ ጠጉር አጠባብ ብዕር ማንሣቴ ለአንዳንድ አንባቢዎች የማይረባ ነገር ይመስል ይሆናል። ዓለም በብዙ ጭንቀት ተይዛ ሳለ ስለ ሻምፖ የምትጽፍ ይህች ሴት ምን ነካት የሚለኝም አይጠፋም። ነገር ግን አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በጠጉርዋ ምክንያት ትምህርትዋን ልትተው ደርሳ እንደ ነበረ ብናገር፣ የሚስቀው ሰው ሣቁን ያዝ ሳያደርግ አይቀርም።

ልጅቱ የታላቅ እኅቴ ልጅ ናት። እኅቴ የምትኖረው ከደምበጫ ከተማ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ በገጠር ነው። በቀበሌያቸው ያለው ትምህርት ቤት ከፍ ያለ ክፍል ስለሌለው፣ ልጅቱ ከእኔ ዘንድ ሆና እንድትማር ወደ ከተማ መጣች። አመጣጥዋም እንደ አገራችን ደንብ ስንቅዋን ይዛ ነው፤ ጤፍ በስልቻ፣ በርበሬና ሽሮ፣ ከዚያም ላይ አንድ ቅል ሙሉ ለጋ ቅቤ። እኅቴም «ከቅቤው እኩሌታው ለወጥ ነው፤ እኩሌታው ግን ለራስዋ ነው፤ በየሳምንቱ ቀቢልኝ፤ አደራ!» ብላ ላከችብኝ።

በጎጃም ምድር ያደገ ሰው የዚህን አደራ ክብደት ያውቀዋል። በእኛ አገር ልጅን ቅቤ መቀባት ማለት መውደድ ማለት ነው። አራስ ስትነሣ፣ ሙሽራ ስታጌጥ፣ የታመመ ሲያገግም ቅቤ በአናት ላይ ይደረጋል። አናቱ የደረቀ ልጅ እናት እንደሌለው ይቈጠራል። ደግሞም ነገሩ ባዶ ልማድ አይደለም። የእኛ ጠጉር የተጠቀለለ በመሆኑ ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝ እስከ ጫፉ ድረስ በቀላሉ አይወርድለትም፤ ስለዚህ ይደርቃል፣ ይሰባበራልም። ከውጭ የሚጨመርለት ቅባት ከዚህ ይጠብቀዋል። እናቶቻችን ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በእጃቸው ነው።

ችግሩ የሚመጣው ቅቤው ሲደራረብ ነው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይቀልጣል። በቀን በፀሐይ ቀልጦ ወደ አንገት ይወርዳል፤ ማታ በብርድ ተመልሶ ይረጋል። የመንገዱ አቧራና የምድጃው ጢስ ይጣበቅበታል። በሚመጣው ሳምንት ደግሞ ሌላ ቅቤ ይደረብበታል። ሹሩባው ሳይፈታ ሦስትና አራት ሳምንት ከቈየ ቅቤው ሽታው ይለወጣል፤ ይኸውም ስቡ ሲፈራርስ ቡቲሪክ አሲድ የሚባለውን ነገር ስለሚለቅ ነው። የአሲዱ ስም ራሱ ከቅቤ የተወሰደ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። የልጅቱ የክፍል ጓደኞች ግን ስሙን ባያውቁም ሽታውን አውቀውታል።

በትምህርት ቤቱ ከአጠገብዋ የሚቀመጥ ጠፋ። አንዲቱ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ትስባለች፤ ሌላይቱ ወንበርዋን ታሸሻለች። አንድ መምህር ደግሞ ከመጨረሻው ረድፍ በመስኮቱ አጠገብ ብቻዋን እንድትቀመጥ አደረጋት። ምናልባት አዝኖላት ይሆናል፤ እርስዋ ግን እንደ ቅጣት ቈጠረችው። ትምህርት ቤቱን በስም አልጠራም። ልጆቹንም ቢሆን ብዙ አልወቅስም፤ አብዛኞቹ ገና ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት እነርሱም ቅቤ የሚንጠባጠብባቸው የገጠር ልጆች ነበሩ። እንዲያውም አጥብቆ የሚሸሸው ቅቤውን በቅርቡ የተወው ነው።

አንድ ዓርብ ማታ ልጅቱ ከምድጃው አጠገብ ቍጭ ብላ፣ «አክስቴ፣ ወደ እማ ልመለስ፤ ከብት ብጠብቅ ይሻለኛል» አለችኝ። ለምን ብላት ሻሽዋን ወደ ግንባርዋ ሳብ አደረገችና ዝም አለች። በእኛ ገጠር ከትምህርት ቤት የወጣች የ13 ዓመት ልጅ ምን እንደሚጠብቃት አንባቢ አያጣውም። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ ሽማግሌ ለመላክ የሚጣደፍ ሰው ግን ሕጉን አንብቦ አይመጣም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ሻሽዋን ስፈታላት ጠጉርዋ ሰም የተቀባ ያህል ተጣብቆ አገኘሁት። ለካስ ከሦስት ቀን በፊት ማንም ሳያያት በልብስ ሳሙና ታጥባው ኖሮአል። የጉድጓድ ውኃችን ሳሙና የማያስነሣ ጠንካራ ውኃ ነው። በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከሳሙናው ጋር ተዋሕዶ ነጭ አተላ ይሆናል፤ አተላውም በጠጉሩ ላይ ይቀራል። ከቅቤው ላይ ያ ሲጨመር ጊዜ ሚዶ እንኳ አልገባ አለ።

ጎረቤቴ እንዶድ ሞክሪ አለችኝ። እንዶድን መናቅ አይገባም። ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲመታ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለበት ነው። እኔም የእናቴ ቀሚስና ጋቢ በተምጫ ወንዝ በእንዶድ ሲታጠብ እያየሁ አድጌአለሁ። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመልክተው፣ ይህ ፍሬ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ደርሰውበታል። ስለዚሁ ሥራ እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ቀንድ አውጣ የሚፈጅ ነገር ወደ ልጅ ዓይን ቢገባ እንዴት እንደሚያቃጥል አስቤ እንዶዱን ለጋቢ ተውሁት።

የቀረው ሻምፖ ነው። እኔ በበኩሌ እስከዚያ ቀን ድረስ ሻምፖ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበርና ምርጫው አስቸገረኝ። ቃሉ ራሱ ከህንድ አገር የመጣ ነው፤ በሂንዲ መጫንና ማሸት ማለት ነበር። በጀርመን አገር ሐንስ ሽዋርዝኮፍ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1903 በበርሊን የጠጉር ማጠቢያ ዱቄት መሸጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ በአሜሪካ ድሪን የሚባል፣ ከሳሙና ሳይሆን በፋብሪካ ከተሠራ ማጠቢያ የተዘጋጀ ሻምፖ ወጣ። የዚህ ዓይነቱ ሻምፖ ጥቅም በጠንካራ ውኃ ውስጥ እንኳ ያንን ነጭ አተላ አለማድረጉ ነው።

ደምበጫ ካሉት ሱቆች ያገኘሁት ባለ እንቍላል ሥዕል፣ የሕፃናትና የፎረፎር ሻምፖ ነበር። ባለ እንቍላሉ ጠጉርን እያጠበ ቅባት የሚጨምር ነው፤ ቅቤ በበዛበት ራስ ላይ ሌላ ቅባት ምን ይረባል? የሕፃናቱ ገር ነው፤ ለዚህ ሁሉ ቅቤ አቅም የለውም። የፎረፎሩም ለሌላ ሕመም ነው። በዚያው ሳምንት ለጉዳይ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደኝ መንገድ ስለ ነበረ፣ በዚያ ካሉት የውበት ሳሎኖች ወደ አንዱ ገባሁ። ባለሳሎንዋም ነገሩን በሰማች ጊዜ፣ «እኅቴ፣ አንቺ የምትፈልጊው ክላሪፋይንግ ነው» አለችኝ። እኔ በአማርኛ ጠራጊ ሻምፖ ብዬዋለሁ።

ጠራጊ ሻምፖ ከተራው የሚለየው፣ የተከማቸውን ቅባት አጥብቆ ሲያነሣ በምትኩ የሚተወው ነገር እምብዛም ባለመኖሩ ነው። የማጠቢያው ቅንጣት አንደኛው ጫፉ ውኃ ይወዳል፤ ሌላው ጫፉ ስብ ይወዳል። በዚህኛው ጫፉ ቅቤውን ይይዛል፤ በዚያኛው ከውኃው ጋር ይወርዳል። ከጠርሙሱ ጀርባ ከተጻፈው ውስጥ ሶዲየም ሎሬት ሰልፌት የሚለው በመጀመሪያዎቹ ስሞች መካከል ካለ ብርቱ መሆኑን ያስረዳል፤ ኢዲቲኤ የሚል ካለበትም የጠንካራውን ውኃ ማዕድን ለመያዝ ይረዳል። ዲሜቲኮን የሚል ካለበት ግን እርሱ ጠጉርን የሚሸፍን ነገር ነውና ለዚህ ጉዳይ አልፈለግሁትም። ከሳሎኑ ወጥቼ የገባሁበት ሱቅ ሻጩ ልጅ፣ «እማማ፣ ይኸኛው ጠጉር ያሳድጋል» እያለ ሌላ ውድ ጠርሙስ ያሳየኝ ነበር። ታጥቦ የሚፈስ ነገር ጠጉር አያሳድግም ብዬው የራሴን ገዛሁ። እማማ ማለቱ ግን ትንሽ ከንክኖኛል። ዋጋው ከአንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ ያነሰ ነበር፤ ይኸንን ማስተያየት ያመጣሁት ወደ ፊት ከእኅቴ ጋር ስለሚያከራክረን ነው።

ከማጠባችን በፊት ጥቂት ጠብታ በውኃ አቅጥኜ በክንድዋ ውስጠኛ ገጽ ቀባሁና አንድ ቀን ጠበቅሁ፤ አልቀላም፣ አላሳከከምም። በማግሥቱ እሑድ ሹሩባውን መፍታት ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ በተነከረ አሮጌ ጨርቅ የቻልሁትን ያህል ቅቤ ጠረግሁ። ቀጥሎ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ሻምፖ በእጄ ላይ አድርጌ፣ በጥፍሬ ሳይሆን በጣቴ ጫፍ የራስ ቆዳዋን አሸሁት። አረፋ የሚባል አልወጣም! ልጅቱ በጐን እያየችኝ፣ «አክስቴ፣ ተበላሽቶ ይሆን?» አለች። አልተበላሸም፤ ስብ ሲበዛ አረፋው ታፍኖ ይቀራል። የወረደው ውኃ ምስር የተቀቀለበት ይመስል ነበር። በሁለተኛው ጥቂት አረፋ ታየ። በሦስተኛው ነጭ አረፋ ጆሮዋን ሁሉ ሸፈነው። ካለቀለቅሁት በኋላ ጣቴን በጠጉርዋ ላይ ሳስኬደው እንደ ታጠበ ብርሌ ተንጫጫ።

እዚህ ላይ እመቤቶች ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ጠጉሩ በዚያች ሰዓት ንጹሕ ነው፤ ግን ደግሞ ገለባ ነው። መጥፎውን ቅባት ያነሣ ነገር ጥሩውንም አይምርም። ስለዚህ ባለሳሎንዋ እንደ መከረችኝ ኮንዲሽነር ከመካከል እስከ ጫፉ ቀብቼ አምስት ደቂቃ አቈየሁትና አለቀለቅሁት። ሚዶው ያን ጊዜ ገባ። ይህንም ሻምፖ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ማድረግ ጠጉርን ማድረቅ ነው፤ ለእኛ ዓይነቱ ጠጉር በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። ቀለም የተቀባች ሴትም ቀለምዋን ይዞባት እንደሚሄድ ትወቅ። ወሬው በሰፈራችን በተሰማ ጊዜ አንዲት ጎረቤቴ ጠርሙሱን በየሦስት ቀኑ ልትዋሰኝ ፈልጋ ነበር፤ ስለ ጠጉርዋ ብዬ ከለከልኋት፤ እርስዋ ግን ስለ ሻምፖው ነው ብላ ተቀይማኛለች።

ልጅቱ በደጅ ፀሐይ እየሞቀች ራስዋን በሁለት እጅዋ ያዘችና፣ «ቀለለኝ» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ሰኞ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

የፈራሁት የእኅቴን ነገር ነው። በገበያ ቀን ቅቤዋን ተሸክማ መጣችና ልጅዋን ገና ከበሩ ስታያት፣ «ምነው ልጄን እንደ ለቅሶተኛ አደረቅሽብኝ? እኔ ሞቻለሁን?» አለች። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቅቤ አይቀባምና ቃልዋ ከባድ ነበር።

«እትዬ፣ ታጥባ እንጂ ደርቃ አይደለም፤ ዳሰሽ እይው» አልኋት።

«መድኃኒት ገዝተሽ ነው የእኔን ቅቤ ያጠብሽው? በስንት?»

ዋጋውን ነገርኋት። ያን ጊዜ ተቈጣች። «ያን ቅቤ ለልጄ ብዬ ከገበያ ያስቀረሁት ነው! ብሸጠው ጨውና ጋዝ ይገዛልኝ ነበር፤ አንቺ ገንዘብ ጨምረሽ አፈሰስሽው!» አለች። እውነትዋን ነበር፤ መልስ አጣሁ። መልሱን የሰጠችው ልጅቱ ናት። ምድር ምድር እያየች፣ «እማ፣ ከአጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም» አለች።

እኅቴ ይህን አልሰማችም ነበር። ለእርስዋ ያ ቅል በየወሩ ከቤትዋ ሲወጣ ልጅዋ በከተማ ከማንም እንዳታንስ ብላ ነው። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም መቀነትዋን አጠበቀችና ልጅቱን በጕልበትዋ መካከል አስቀምጣ ጠጉርዋን በጣቶችዋ መለየት ጀመረች፤ ጫፉንም እየሳበች እስከ ትከሻዋ መድረሱን ለካች። በቅቤ ተጠቅልሎ ሳለ ርዝመቱን ማናችንም አላየነውም ነበር።

«እንግዲህ ጭራሽ አይቀባም ልትዪኝ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይቀባል አልኋት፤ ግን የባቄላ ፍሬ የምታህል ለጋ ቅቤ በመዳፍ አቅልጦ፣ የራስ ቆዳውን ትቶ ጫፍ ጫፉን፤ ያም ቅዳሜ ማታ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ሹሩባው ይፈታና በጠራጊው ይታጠባል።

«ባቄላ! ለአንድ ራስ ሙሉ አንዲት ባቄላ! በእናታችን ቤት እንዲህ ያለ ስስት አልነበረም» አለች። የሆነ ሆኖ ቅሉን ከፈተችና ለካች፤ ባቄላዋም የአተር ዘር ሳትሆን የፈረስ ባቄላ ሆነች። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆንሁ። ሹሩባውን ራስዋ ሠራችላት፤ እኔ ስሠራው እንደዚያ አይቀጥንልኝም።

ልትሄድ ስትነሣ ጠርሙሱን ከመደቡ ላይ አንሥታ አሸተተችው፤ ከፍታም በጥፍርዋ ጫፍ ነካችው። «ይኸ ለሽበትም ይሆናል?» አለችኝ። ይሆናል አልኋት። በሚመጣው ገበያ በጊዜ ከመጣች ውኃ አሙቄ እንድጠብቃት ተነጋገርን።

ልጅቱ አሁን ሰባተኛ ክፍል ናት፤ የምትቀመጠውም ከመካከለኛው ረድፍ ነው። የሚላክልን ቅል እንደ ወትሮው ሙሉ ነው። ለወጥ ከምናስቀረው የተረፈውን እሸጥና ደብተርና እስክሪብቶ እገዛበታለሁ፤ እኅቴም ይህን ታውቃለች። ከመጀመሪያው ጠርሙስ ግን እስካሁን ሢሶው አለ።