ቶናው እስኪቀዳ ስለ ብሎኬት

አረፍ በል ወዳጄ። አቦሉን ጠጥተናል፤ ቶናው እስኪቀዳ ስለ ቤት እንጫወት። እዚህ ጅማ ቦሳ ኪቶን ዞር ዞር ብትል ከአሮጌው ጭቃ ቤት ጎን የብሎኬት ግድግዳ ሲነሳ ታያለህ። ማን ይፈርዳል? ምስጥ የባሕር ዛፉን ቋሚ እየበላ፣ የጅማ ዝናብ የግድግዳውን እግር እያጠበ ስንት ዓመት ይለሰናል!

ግን ልጠይቅህ፤ ብሎኬት መሃሉ ለምን ክፍት ሆነ? ሲሚንቶ ለመቆጠብ ትለኛለህ፤ ልክ ነህ። እዚያ የታሰረው አየርም ሙቀትና ብርዱን ጥቂት ያዘገያል። ጥቂት ያልኩት በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ኮንክሪት ሙቀቱን ስለሚያሳልፈው ነው። ከስምጥ ሸለቆ በሚመጣው ፑሚስ የተሠራው ይሻላል፤ ድንጋዩ ራሱ አየር ያዘለ ነውና።

ስትገዛ ታዲያ ውሃ በደንብ መጠጣቱን ጠይቅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የኮንክሪት ጉልበት የሚለካው በ28 ቀኑ ነው፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንት ጥላ ሥር ርሶ መክረም አለበት። ቶሎ የደረቀ ብሎኬት ከመኪና ሲወርድ ይፈረካከሳል።

ልኩንም አትርሳ። ብሎኬት 40 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ 20 ከፍ ይላል። የግድግዳህ ርዝመት፣ የበርና የመስኮቱም ክፍተት ከዚህ ልክ ጋር እንዲገጥም አስነድፈው፤ ግንበኛው እየሰበረ ግማሹን አይጥልብህም። በ1996 ዓ.ም. ግድም የአዲስ አበባ አስተዳደር ከጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂቲዜድ ጋር ቦሌ ገርጂ ላይ ኮንዶሚኒየም ሲያስጀምር፣ ወጪ ከተቀነሰባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው በወጥ ልክ መሥራት ነበር።

እንዲያው ሁሉም ስለ ግድግዳ ያወራል እንጂ የቤት ሙቀት በብዛት የሚያልቀው በጣራ ነው። ባለ 20 ውፍረት ብሎኬት ገንብተህ ቆርቆሮውን ያለ ኮርኒስ ብትተወው ምን ዋጋ አለው? ቀን ግለቱን አናትህ ላይ ያወርደዋል፤ ማታ የቤቱ ሙቀት በዚያው ይሄዳል። ከዚያ ሐምሌ ላይ ምን ይመጣል? ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት። ይህ ነገር ሁሌም ያስፈራኛል፤ ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። ለከሰል የምታወጣውን ኮርኒስ ላይ አውለው።

ጅሬን ወጥተህ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይተሃል አይደል? ሰፊውን በረንዳ ልብ በልልኝ። ግድግዳው ዝናብና ፀሐይ ፊት ለፊት አያገኘውም። አዲሶቹ ቤቶቻችን ግን ክዳናቸው አጥሮ፣ ልስኑ ሲረጥብና ሲሻግት ይከርማል። ምነው ይህን ከአባቶች ሳንወስድ ቀረን?

የጠዋቷን ፀሐይ በምሥራቅ መስኮት ተቀበላት፤ የጅማ ማለዳ ይበርዳል። የከሰዓቷ ግን ዝቅ ብላ በምዕራብ ስለምትገባ በዚያ በኩል መስኮቱን አሳንሰው። ቦታው ጠቦ ፊቱ ወደ ምዕራብ ካልዞረ አልሆንም ካለህ፣ ክዳኑን በዚያ በኩል ሜትር ያህል አስረዝመው፤ ክረምት ላይ ልብስ ማስጫም ይሆንሃል።