ኳሷ የት ደረሰች?

ያለፈውን ገና ያሳለፍኩት መቱ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ መሄዴ ነበር።

ቤታችን ከመቱ ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሰሞኑ የቡና ነው፤ ቀዩ ፍሬ ተለቅሞ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ ሴቶቹና ልጆቹ ከበው ያገላብጡታል፣ የተበላሸውን እየለዩ ይጥላሉ። ከቡናው አልጋ ወዲያ በቆሎው ተሰብስቦ አገዳው ብቻ የቀረ ሰፊ ማሳ አለ። ልጅ ሆነን የገና ጨዋታ የምንጫወትበት እሱ ላይ ነበር። በሻንጣዬ አንድ የጎልፍ ዱላ፣ ሰባት ቁጥር ብረት የሚሉትን፣ ከ20 ያረጁ ኳሶች ጋር ይዤ ሄጄ ነበር። ለዘመድ ልጆች ማሳያ ነው ብዬ ለሚስቴ ነግሬያታለሁ። ለራሴም ነበር።

ዋሽንግተን አካባቢ ስኖር ጎልፍ ከያዘኝ 4 ዓመት ሆኖኛል። የምለማመደው ላንግስተን በሚባል የሕዝብ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተው፣ ጥቁር ሰው በብዙዎቹ ሜዳዎች እንዳይጫወት በሚከለከልበት ዘመን፣ ለጥቁሮች ተብሎ ነው። እንዲሠራ መንግሥትን ከወተወቱት መካከል በ1937 የተመሠረተው የጥቁር ሴቶች የጎልፍ ክለብ ዌክ ሮቢን ይገኝበታል። እዚያ ቆሜ ኳስ በመታሁ ቁጥር እነዚያን ሴቶች አስባለሁ፤ መለማመጃ ቦታ ለማግኘት ብቻ ምን ያህል ደጅ እንደጠኑ።

የእኔ ችግር የጀማሪ ሁሉ ችግር ነው፤ ስላይስ ይባላል። ኳሷ ቀጥ ብላ ትነሳና መሃል መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ላስተካክለው አስተማሪ ቀጠርኩ። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፣ ግን አንድ ኳስ በመታሁ ቁጥር አንድ ነገር ይለኛል። ክርንህን ሰብስብ። ዳሌህን ቀድመህ አዙር። አንጓህን አትጠፍ። ራስህን አታንሳ። በስድስተኛው ትምህርት ላይ ዱላውን ወደ ኋላ ስወስድ ሰባት ነገር አስባለሁ፣ ኳሷን ግን አላስብም። ከዚያ በስልኬ ራሴን እየቀረጽኩ ማየት ጀመርኩ። እሱ ደግሞ ሌላ ሱስ ሆነ፤ መታሁ፣ አየሁ፣ መታሁ፣ አየሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከመታሁት ይልቅ ያየሁት ይበዛ ነበር።

ከቪዲዮው ግን አንድ እውነት ተምሬያለሁ፤ ዛሬም ያስደነግጠኛል። ሰውነቴ አደረገ ብዬ የሚሰማኝና ያደረገው አንድ አይደሉም። ዱላውን ከጀርባዬ በኩል ዝቅ አድርጌ ያመጣሁት ይመስለኛል፣ ምስሉ ላይ ከትከሻዬ በላይ ተወርውሮ ኳሷን ከውጭ ወደ ውስጥ ቆርጧታል። መቶ ጊዜ «አሁን አስተካከልኩት» ብያለሁ፤ መቶውንም ጊዜ ያው ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ማወቅ ይረዳል። ዱላው ከላይ ወርዶ ኳሷን እስኪነካ የሚፈጀው ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ዓይን አይቶ እጅን ለማዘዝ ግን ከዚያ ብዙ የማያንስ ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዱላው መውረድ ከጀመረ በኋላ የሚታረም ነገር የለም፤ የሚሆነው ቀድሞ ተወስኗል። ዱላውና ኳሷ ተነካክተው የሚቆዩት ደግሞ የአንድ ሺኛ ሰከንድ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የዱላው ፊት ያየበት አቅጣጫ ኳሷ የምትነሳበትን ይወስናል። የዱላው መንገድ ከፊቱ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ኳሷ ትሾራለች፣ ትታጠፋለች። የእኔ ዱላ ወደ ግራ እየተጎተተ ፊቱ ወደ ቀኝ ክፍት ይቀራል፤ ኳሷ ቀኝ ካልሄደች ወዴት ትሂድ?

መቱ ላይ፣ ከበዓሉ ማግስት፣ ማሳው ላይ ወጥቼ መምታት ጀመርኩ። ልጆቹ ኳስ ለማምጣት ይሽቀዳደማሉ። ኤሱማዬ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የተቆረጠ ግንድ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል። በወጣትነታቸው በሰፈሩ ገና፣ በኦሮምኛው ቂሌ፣ ሲመቱ የሚያህላቸው እንዳልነበረ እናቴ ሁልጊዜ ትናገራለች። አሥር ያህል ኳስ እስክመታ ድረስ ምንም አላሉም። ዝም ብለው የሚያዩት ኳሷን ነው፤ እኔን አላዩኝም።

ከዚያ ጠሩኝና፣ «ወደየት ልትልካት ነው የፈለግኸው?» አሉኝ።

«ወደዚያ ዋንዛ» አልኳቸው፤ ማሳው ጫፍ ላይ ያለውን ዛፍ እያሳየሁ።

«እሷ ወደ ቀኝ እንደምታመልጥህ ታውቃለህ። ስለዚህ ወደ ግራ ትጎትታታለህ። በጎተትካት ቁጥር ትብስብሃለች። ዋንዛውን ተወው። ከዋንዛው በስተቀኝ አጥሩ ጥግ ያለውን የንብ ቀፎ ታያለህ? ወደዚያ ላካት።»

ወደ ቀኝ የምታመልጥን ኳስ ወደ ቀኝ ላክ ማለት ለጆሮ ያስቃል። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የነገሩኝ ነገር ትክክል እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አስተማሪው በስድስት ትምህርት ስለ ክርንና ስለ ዳሌ ሲነግረኝ የነበረው ይኸው ነው፤ ዱላው ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲሄድ። ኤሱማ ግን ስለ ሰውነቴ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቦታ ብቻ ሰጡኝ። ወደ ቀፎው አሰብኩ፣ መታሁ። ሦስተኛዋ ኳስ ላይ ድምፁ ተለወጠ። በደንብ የተመታች ኳስ ድምፅ ያላት መሆኑን የመታ ሁሉ ያውቀዋል። ኳሷ ተነስታ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ትንሽ ወደ ግራ ዞር አለችና ዋንዛው ሥር ወደቀች። ልጆቹ ጮኹ። እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አላፍርበትም።

ከተመለስኩ በኋላ ስለ ልምምድ የተጻፈ ማንበብ ጀመርኩ። ጋብሪየሌ ዉልፍ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ጎልፍ ጨርሶ የማያውቁ ሰዎችን አለማምዳለች፤ ግማሾቹ ልባቸውን ክንዳቸው ላይ፣ ግማሾቹ ዱላው ላይ እንዲያደርጉ ተነገራቸው። ዱላውን ያሰቡት በልምምዱም ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ በተፈተኑበትም ጊዜ የተሻለ መቱ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1984 ሪቻርድ ሽሚትና ሁለት ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ በእያንዳንዱ ሙከራ ላይ እርማት የሚሰጠው ተማሪ ልምምዱ ላይ እያለ ጎበዝ እንደሚመስል፣ እርማቱ ሲቀር ግን እንደሚወድቅ አስረድተዋል። ራሱን ማዳመጥ አልለመደማ። ሁለቱንም ሳነብ ፊቴ ላይ ድቅን ያሉት ግንዱ ላይ የተቀመጡት ኤሱማ ናቸው። አሥር ኳስ ዝም፣ ከዚያ አንድ ቃል፣ እሷም ስለ ቦታ።

እዚህ ላይ ወደ ልጅነቴ ልመለስ፤ ይህን ዕውቀት እሳቸው ብቻ ይዘውት አልነበረምና። የገና ዱላ ፍለጋ ጫካ የምንገባው በዓሉ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ጫፉ በተፈጥሮው የታጠፈ ቅርንጫፍ ካገኘህ ዕድለኛ ነህ፤ ካጣህ እርጥቡን እሳት ላይ እያገላበጥክ ታጥፈዋለህ፣ ልጡን ትልጣለህ፣ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ሰቅለህ ጭስ ታስጠጣዋለህ። የገና ኳሷ፣ ሩሯ፣ ከእንጨት ትጠረባለች፤ ከጎልፍ ኳስ ትከብዳለች። የጎልፍ ኳስ ቢበዛ 45.93 ግራም ናት፤ ቅልጥም ላይ ያረፈች ሩር ስንት እንደምትመዝን ግን የሚያውቀው የተመታ ብቻ ነው። ታላላቆቻችን ዳር ቆመው የሚጮኹት ሁሉ ስለ ሩሯ ነበር። «ከመሬት አንሳት!» «ለቀቅ አድርጋት!» «በዚያ በኩል አሳልፋት!» ክርን የሚል ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ጨዋታው ዛሬ የባህል ስፖርት ተብሎ በፌዴሬሽን ሥር ውድድር ይደረግበታል፣ ደንብም አለው፤ ደስ ይለኛል። ያ የዳር ጩኸት ግን የትም አልተጻፈም።

ስለዚህ መቱ፣ ጎሬ፣ ቡሬ፣ ያዮ ያላችሁ የስፖርት መምህራን፣ ከልቤ እለምናችኋለሁ። በየቀበሌያችሁ ገና ሲመቱ ያደጉ አባቶች አሉ። ሄዳችሁ ልጆቻችሁን አስመቱላቸውና ምን እንደሚሉ ስሙ፤ ጻፉት፣ ቅረጹት። «እንዴት ነው የሚመታው?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው መልስ ላታገኙ ትችላላችሁ፤ ዕውቀቱ የሚወጣው ሲያዩ ነው። እኔ ኤሱማን በኋላ ጠይቄያቸው «መምታት ነው እንጂ» ብቻ ነው ያሉኝ።

አሁን ላንግስተን ስሄድ ስልኬን መኪናው ውስጥ ትቼ እወርዳለሁ። 30 ኳስ መትቼ፣ የትኛው የት እንዳረፈ በትንሽ ደብተር ጽፌ፣ ከዚያ ስልኩን አምጥቼ አንዲቱን ብቻ እቀርጻለሁ። ስላይሱ አልጠፋም። ሲደክመኝ ይመለሳል፣ ሰው ሲያየኝም ይመለሳል። ግን ሲመለስ ለምን እንደመጣ አውቀዋለሁ፤ በመለማመጃው ሜዳ ጫፍ በስተቀኝ ያለውን ምሰሶ ቀፎ ነው ብዬ ወደዚያ እልካታለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኤሱማ ጋ እደውላለሁ። መስማት ስለሚከብዳቸው ስልኩን የልጃቸው ልጅ ትይዝላቸዋለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ እናቴ ጉልበት ከተነጋገርን በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው።

«ኳሷ የት ደረሰች?»

ባለፈው ቅዳሜ፣ «ዛሬ ብዙዎቹ ወደ ግራ ነው ያመለጡኝ» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «ግራ?» አሉ። ከዚያ ለልጅቷ ደግመው ሲነግሯት ሰማሁ፤ ድምፃቸው ላይ ደስታ ነበረበት። «ግራ ነው የሚለኝ!»